ሳይለኮስ የሚመዘን ሲጋር

(ኩባ የተማርን ጓደኛሞች አዲስ አበባ ላይ በተገናኘንበት ምሽት ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ዛሬ እዚህ ማንም አያጨስም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት እንዲህ ባለ የተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ጥሩ ሕግ ነው። ያው አዋጅ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥንም ይከለክላል። ስለዚህ ከወላጆቻችሁ ጋር የመጣችሁ ልጆች ወሬውን ብቻ ስሙልን።

ሳይለኮስ ስለ ሲጋር አቀማመስ ምን ይወራል ትሉ ይሆናል። ብዙ ይወራል። የአንድ ሲጋር ምዘና ግማሹ የሚያልቀው ክብሪት ከመጫሩ በፊት ነው። በእጅ፣ በዓይንና በአፍንጫ። ለዚህ ነው ሦስት ሲጋሮች ይዤ የመጣሁት። የወረቀት ቀለበታቸውን አውልቄ በምትኩ ቁጥር አስሬባቸዋለሁ፦ 1፣ 2፣ 3። ከፊት ወንበር ጀምራችሁ ተቀባበሏቸው። ዳብሷቸው፣ አሽትቷቸው። ያገኛችሁትን በብጣሽ ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ውጤቱን መጨረሻ ላይ አብረን እናያለን።

ሲጋር ስል ሲጋራ ማለቴ አይደለም። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በስም ነው። ሲጋራ የተከተፈ ትምባሆ በወረቀት ተጠቅልሎ በማሽን ይሠራል። እኔ የማወራው ሙሉ ቅጠል በሙሉ ቅጠል በእጅ ስለሚጠቀለልበት ነው። ወረቀት የለውም። ከቅጠል ሌላ ጫፉን የምታጣብቅ ጣዕም አልባ የዕፅዋት ሙጫ ብቻ ናት ያለችው።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ አብራችሁኝ ኖራችሁታል። በ1971 ዓ.ም. ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ በሺህ የምንቆጠር ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተላክን። ብዙዎቻችን አባቶቻችንን በጦርነቱ ያጣን ነበርን። የወጣቶች ደሴት ላይ ግማሽ ቀን ተማርን፣ ግማሽ ቀን የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ሠራን። እኔ ትምባሆን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ግብርና ለመማር ፒናር ዴል ሪዮ ስሄድ።

ፒናር ዴል ሪዮ የኩባ ምዕራባዊ ጫፍ ነው። እዚያ ውስጥ ቩዌልታ አባኾ የሚባል አካባቢ አለ። ሳን ሉዊስና ሳን ኹዋን ኢ ማርቲኔዝ በሚባሉት ከተሞች ዙሪያ ያለው መሬት ቀላ ያለ፣ አሸዋ የቀላቀለ አፈር ነው። ታዋቂዎቹ የኩባ ሲጋሮች ቅጠላቸው በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው። ለመስክ ልምምድ የተመደብኩት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ማሳ ላይ ነበር። አንድ ማታ ራሳቸው የጠቀለሉትን ሲጋር ሰጡኝ። እኔም እንደ ሲጋራ ወደ ሳንባዬ ማግኩት። ሁለተኛው ላይ ምድር ዞረብኝ። ላብ አጠመቀኝ፣ አጥሩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው የሸንኮራ ጭማቂ አመጡልኝ። ልጄ፣ ይህ የአፍ ነገር ነው፣ የሳንባ አይደለም አሉኝ።

ምክንያቱን በኋላ ክፍል ውስጥ ተማርኩት። የሲጋር ጭስ ከሲጋራ ጭስ ይልቅ ወደ አልካላይን፣ ማለትም ወደ አሲድ ተቃራኒው፣ ያደላል። ስለዚህ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ቆዳ በኩል በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። ወደ ሳንባ መሳብ አያስፈልግም። ይህ ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። አንድ ትልቅ ሲጋር ከ5 እስከ 20 ግራም ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። አንዱ ሲጋራ አንድ ግራም እንኳን አይሞላም። የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የምግብ ቧንቧና የሳንባ ካንሰር ከሲጋርም ይመጣል። ይህን የምነግራችሁ ለወጉ ያህል አይደለም። ያላጨሰ ሰው በእኔ ንግግር ምክንያት እንዲጀምር ፈጽሞ አልፈልግም። እኔ ራሴ በዓመት ከአራት አላልፍም። የእጅ ሥራውን ግን እወደዋለሁ፣ ስለ እሱ ማውራትም እወዳለሁ።

አሁን ወደ ሲጋሩ አካል እንግባ። ሦስት ነገር ነው፦ ካፓ፣ ካፖቴና ትሪፓ።

ካፓ ከውጭ የምታዩት ቅጠል ነው። ስሙ በእኛ ካባ ማለት ነው፤ ድምፁም ሳይቀር ይቀራረባል። ለካፓ የሚሆነው ተክል ከፀሐይ ተከልሎ በስስ ጨርቅ ድንኳን ሥር ያድጋል። ለዚህ ነው ሰፊ፣ ስስና ለስላሳ የሚሆነው። ካፖቴ ከሥሩ ሆኖ የውስጡን የሚያስር ቅጠል ነው። ትሪፓ ደግሞ አንጀት ማለት ነው። ሲጋሩ የሚቀመሰው በዋናነት እዚህ ነው። አንጀቱ ውስጥ የተለያዩ ቅጠሎች ይደባለቃሉ። ከተክሉ ሥር አካባቢ የሚለቀመው ቮላዶ እሳቱን ይይዛል። ከመሃል የሚለቀመው ሴኮ ሽታውን ይሰጣል። ከላይ፣ ፀሐይ ሲጠጣ የኖረው ሊኼሮ ጉልበቱን ይሰጣል። ሊኼሮ የሚለው ቃል ትርጉሙ ቀላል ማለት ነው፤ ቅጠሉ ግን ከሁሉም ከባዱ ነው። ይህ ስም መጀመሪያ ሲነግሩኝ በጣም አደናግሮኝ ነበር።

ይህን የምዘረዝረው ለአንድ የተለመደ ስህተት ስል ነው። ሰው ጥቁር ሲጋር ሲያይ ኃይለኛ ነው ይላል። ጥቁረቱ የካባው ነው። ጉልበቱ ያለው አንጀቱ ውስጥ ነው፣ ሊኼሮው ምን ያህል እንደሆነ ላይ። በጣም ጥቁር ሆኖ ለስላሳ የሆነ ሲጋር አለ። ነጣ ብሎ ራስ የሚያዞርም አለ።

ጠቅላዩን ቶርሴዶር ይሉታል። መሣሪያው ከአንድ ጣውላና ቻቬታ ከሚባል ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ስለት ብዙም አያልፍም። ሃቫና ያሉትን ፋብሪካዎች የጎበኛችሁ አንባቢውን ታስታውሱታላችሁ። ሠራተኞቹ ሲጠቀልሉ አንድ ሰው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣና ልቦለድ ያነብላቸዋል። ልማዱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። ሞንቴክሪስቶ የሚባለው ሲጋር ስሙን ያገኘው እዚያ ከሚነበብ ልቦለድ ነው። ንባቡ ደስ ሲላቸው አያጨበጭቡም። ሁሉም ቻቬታውን አንስቶ ጣውላውን ይመታል። ያን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም።

እንግዲህ ሲጋር ስትመዝኑ መጀመሪያ የምትመዝኑት የዚያን ሰው እጅ ነው።

እንዴት? ሲጋሩ እግርና ራስ አለው። የሚለኮሰው እግሩ ነው፣ ወደ አፍ የሚሄደው ራሱ። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ከእግሩ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ጫን ጫን አድርጉ። በደንብ የበሰለ ድፎ ዳቦ ጫን ሲሉት እንዴት ነው? ትንሽ ይገባል፣ ተመልሶ ይነሳል። ሲጋሩም እንደዚያ መሆን አለበት፣ ከዳር እስከ ዳር። አንድ ቦታ ላይ ስርጉድ ካለ እዚያ ቅጠል ጎድሏል። እሳቱ እዚያ ሲደርስ ይፈጥናል፣ ጭሱም ይሞቃል፣ ይመራል። አንድ ቦታ ላይ እንጨት ከሆነ ደግሞ ቅጠሉ ተጠማዞ ተቋጥሯል። ጭስ አያሳልፍም። ጉንጫችሁ እስኪደክም ብትስቡ ምንም አይመጣም።

ከዚያ ዓይን። ካባው ላይ የቅጠሉ ሥሮች ቀጭን ይሁኑ። ስፌቱ የት እንደሆነ ለመፈለግ ካስቸገራችሁ ሥራው ጥሩ ነው። ትንሽ ወዝ ካለው ቅጠሉ አልደረቀም። ራሱ ላይ ያለችው ቆብ ክብና ጥብቅ ትሁን።

ከዚያ አፍንጫ። እግሩን አሽትቱ። የአሞኒያ ሽታ፣ ማለትም የከብት በረት ሽታ፣ ከመጣ ቅጠሉ አልበሰለም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ እኔ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ተሰቅሎ በግምት 50 ቀን ይደርቃል። ጎጆዎቹ የሚሠሩት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግተው ነው። ጠዋት ፀሐይ አንዱን ጫፍ ይመታል፣ ማታ ሌላውን። ረጅሙን ጎን አያቃጥለውም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፒናር ዴል ሪዮን ሲመታ በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ጎጆዎች ፈረሱ። ፎቶግራፎቹን ሳይ የማውቀውን ሰፈር መለየት አቃተኝ።

የደረቀው ቅጠል ይከመራል። ክምሩ ከውስጡ ይሞቃል፣ ልክ እንደ ኮምፖስት። በዚህ ጊዜ አሞኒያውና ምሬቱ ይወጣል። ክምሩ እየተፈታ፣ ቅጠሉ እየተገለበጠ ይከመራል። ይህ ሥራ ችኮላ አይወድም። የተቸኮለበት ቅጠል ዓመት ቆይቶም ቢሆን በአፍንጫ ይታወቃል።

በመጨረሻ ቆቧ ትቆረጣለች። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ፣ በሹል ነገር። ከዚያ ሳይለኮስ ሳቡት። አየር ብቻ ነው የሚመጣው፣ ግን ጣዕም አለው። የሣር ድርቆሽ፣ ዘቢብ፣ አንዳንዴ ቁንዶ በርበሬ ከንፈር ላይ። መሳቡ ከበደ ወይስ ቀለለ የሚለውም እዚሁ ይታወቃል።

ስለ ቃላት ትንሽ ላውራ። ስለ ሲጋር የሚጽፉ የውጭ ሰዎች ቆዳ፣ ሴዳር፣ ካካዎ፣ ነትሜግ ይላሉ። የእኛ ሰው ይህን አንብቦ ይሸማቀቃል። እኔ ምንም አልሸተተኝም ይላል። የሸተተውን በራሱ ቃል ስላልጠራው ነው እንጂ አፍንጫውስ የት ይሄዳል? እኛ እኮ ጢስን የምናውቅ ሰዎች ነን። እናቶቻችን የጠላውን ጋን በወይራ ያጥናሉ። የወተቱ ዕቃ ይታጠናል። ቤቱ እጣን ይጨሳል። የወይራን ጢስ ከጥድ ጢስ ዓይኑን ጨፍኖ የማይለይ የገጠር ልጅ የለም። በጥሩ ሲጋር መሃል ላይ እኔ ብዙ ጊዜ የማገኘው በወይራ የታጠነ ቅል ነው። አንዳንዱ ኮረሪማ አለው። አንዳንዱ የተቆላ ገብስ ነው። አንዱ ደግሞ ገና ዝናብ የነካው የክረምት አፈር። እነዚህን ጻፉ። የሌላ አገር ሰው ቃል ተውሶ መጻፍ ግዴታ አይደለም።

ሌላም የሚምታታ ነገር አለ። ጉልበትና ጣዕም ሁለት ነገር ናቸው። ሚጥሚጣ ያቃጥላል። በደንብ የተደለዘ በርበሬ ደግሞ ብዙ ሳያቃጥል አፍ ይሞላል። ሲጋርም እንደዚሁ ነው። ኩባ ፋብሪካ ውስጥ ያሉት ቀማሾች ሁለቱን ለይተው ነው ነጥብ የሚሰጡት። መሳቡን ለብቻ፣ መቃጠሉን ለብቻ፣ ጉልበቱን፣ ሽታውን፣ ጣዕሙን ለየብቻ ያያሉ።

እኔ ደግሞ ለራሴ ሦስት ጥያቄ አለኝ። እጁ ጥሩ ነው? ቅጠሉ ጥሩ ነው? እኔ ወደድኩት? ሦስቱን እንድትደባልቁ አልፈልግም። የኒካራጓ፣ በተለይ የኤስቴሊ ሲጋሮች ለእኔ ይከብዱኛል። እዚያ የሚሠሩት ግን ብዙዎቹ በመጠቅለል ጥራታቸው ልዩ ናቸው። ኩባ እ.ኤ.አ. በ1960 ፋብሪካዎቹን ስትወርስ ብዙ የሙያ ቤተሰቦች ተሰደዱ። ኒካራጓ፣ ሆንዱራስና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ያለውን ሥራ ካሳደጉት መካከል እነሱ ናቸው። አልወደድኩትም ብዬ መጥፎ ነው ካልኩ የእነዚያን ሰዎች እጅ በደልኩ ማለት ነው። ከ100 አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጥ ምዘና የሚያስቸግረኝም ለዚህ ነው። 91 ተብሎ ሲጻፍ ሙያው ነው 91 ያገኘው ወይስ የጸሐፊው ምርጫ?

(እዚህ ላይ ከመሃል ወንበር አንዲት እህት እጇን አወጣች። ቡና ቀማሽ ናት። እኛ ቡናውን ቀምሰን እንተፋዋለን፤ እናንተስ ጭሱን እንዴት ታደርጉታላችሁ ብላ ጠየቀች።)

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ጭሱም ይተፋል ማለት ይቻላል። ሦስት አራት ሴኮንድ አፍ ውስጥ ይቆያል፣ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ በአፍንጫ ይለቀቃል። ጣዕም የምንለው አብዛኛው ሽታ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ሽሮና ምስር አይለይም። በአፍንጫ ያልወጣ ጭስ ግማሽ ቅምሻ ነው። ግን አንቺ ከሙያሽ የምታውቂው ሌላ የበለጠ ነገር አለ። ለአንድ ቡና ስንት ሲኒ ነው የምታዘጋጁት?

(አምስት አለች።)

አምስት። ለምን? አንዱ ሲኒ ከሌላው ከተለየ ቡናው ወጥ አይደለም ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እሳቱን ቶሎ ልለፈው። የቤንዚን ላይተርና ሻማ አትጠቀሙ፣ ሽታቸው ይገባል። ጋዝ ወይም የእንጨት ክብሪት። ነበልባሉ እግሩን ሳይነካ ዙሪያውን ሞቅ ይደረጋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይሳባል። በደቂቃ አንድ ጊዜ ይበቃል። የተቸኮለ ሲጋር ይግላል፣ የጋለ ሲጋር ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት መራራ ነው። አመዱ ጠንከር ብሎ ቢቆም የመጠቅለሉ ምልክት ነው። ንጣቱ ግን ከአፈሩ ማዕድን ጋር የተያያዘ ነው፤ ነጭ አመድ ስላየን ጥሩ ሲጋር ነው አንልም። እሳቱ በአንድ ጎን ብቻ እየበላ ከሄደ ግን እጁ ላይ ወይም እርጥበቱ ላይ ችግር አለ።

ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ሲጋሩን ሦስት ቦታ ይከፍሉታል። የመጀመሪያውን ሲሶ ድርቆሽ፣ ሁለተኛውን መለኮታዊ፣ ሦስተኛውን ፋንድያ ይሉታል። ስድብ አይደለም። እውነቱን ነው። መጀመሪያ ላይ ደረቅና ቀለል ያለ ነው። መሃል ላይ ቅጠሎቹ ይዋሃዳሉ። መጨረሻ ላይ ዘይቱና ሙቀቱ ይከማቻል፣ ይከብዳል። ማስታወሻ የምትይዙ ሦስቱንም ለየብቻ ጻፉ። መጥፎ ሲጋር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት በመሆኑ ነው። መጨረሻው ሲመርር ደግሞ አትታገሉት። አትደፍጥጡትም። አስቀምጡት፣ በራሱ ይጠፋል።

ስለ መጠን ለሚጠይቅ፣ ውፍረቱ የሚለካው በኢንች 64ኛ ነው። 50 የሚባለው ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሮቡስቶ የሚባለው የኩባ ሲጋር መጠን በዚህ ውፍረት 124 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። ለማነጻጸር ይህ መጠን ይመቸኛል። ረጅሙን ለመመዘን ምላስም ይደክማል።

ከሃቫና መንገድ ላይ ክዳኑ መስታወት በሆነ ሳጥን ኮሂባ የሚባለውን ታዋቂ የኩባ ሲጋር ገዝታችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ አዝናለሁ፣ የውሸት ነው። እውነተኛው እንዲህ ባለ ሳጥን አይወጣም።

አቀማመጡንም ልናገር፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ላይ ብዙ ጥሩ ሲጋር የሚሞተው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። የእኛ የበጋ አየር ደረቅ ነው። ከጥቅምት በኋላ ክፍት የተቀመጠ ሲጋር በጥቂት ቀን ውስጥ ካባው ይሰነጠቃል። በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃና እርጥበት የሚያመጣጥን ከረጢት ይበቃል። ውድ የእንጨት ሳጥን ግዴታ አይደለም። ከቅመማ ቅመም አርቁት፣ ሽታ ይጠጣል። ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ ከሙቀት ጠብቁት። ሙቀት ቅጠሉ ውስጥ ያለውን የትምባሆ ጥንዚዛ እንቁላል ይፈለፍለዋል። ካባው ላይ መርፌ የወጋው የመሰለ ቀዳዳ ካያችሁ እሱ ነው። የደረቀውን በአንድ ጊዜ አታርጥቡ። ሳምንታት ስጡት።

ወረቀቶቹ ተሰብስበዋል። ላንብብ።

ቁጥር 2ን ብዙዎቻችሁ ጠንካራ ሽታ አለው ብላችኋል። ቁንዶ በርበሬ የጻፋችሁ አላችሁ፣ አንዱ ደግሞ አዲስ ጠፍር ብሏል፣ ደስ ብሎኛል። ይህ ከኤስቴሊ ነው።

ቁጥር 1ን ደግሞ ለስላሳ፣ ወጥ፣ ድርቆሽና ማር ብላችኋል። ቁጥር 3 ላይ ግን ተለያይታችኋል። ሽታው እንደ ቁጥር 1 ነው ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ከመሃል ዝቅ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ጠንከር ይላል፣ አንድ ነገር ተቋጥሯል ያላችሁም አላችሁ። የቡና ቀማሿ እህታችን ወረቀት ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «1 እና 3 አንድ ናቸው፤ 3 ግን ታሟል።»

አንድ ናቸው። ስማቸው አንድ፣ ዋጋቸው አንድ፣ ባለፈው ሳምንት ከአንድ ሳጥን ያወጣኋቸው ናቸው። አምስቱን ሲኒ አስታውሱ። ከዚያ ሳጥን ቁጥር 3ን ብቻ አጭሶ ስለ ሙሉ ሳጥኑ የጻፈ ሰው ቢኖር ቁጥር 1ን ሳያውቃት ይቀር ነበር። ለዚህ ነው እኔ ስለ አንድ ሲጋር ከሦስት ፍሬ በታች ሞክሬ አስተያየት የማልሰጠው። በዓመት አራት ለሚያጨስ ሰው ይህ ረጅም ጊዜ ነው።

ቁጥር 3ን ቅዳሜ ጓሮዬ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ እለኩሰዋለሁ። ቋጠሮው ጋ ስደርስ መሳቡ ከከበደ፣ የእጃችሁን ትክክለኛነት ለእያንዳንዳችሁ ደውዬ እነግራችኋለሁ።